የቡና ጭነትና የፈረስ እግር
በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በአካባቢው ስለ ጭነት ከብት እግር ጉዳት፣ ስለ ሕክምናውና ስለ መከላከያው የተደረገ አጭር የታሪክ ጥናት

፩. መግቢያ

ስለ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተጻፉት የታሪክ መጻሕፍት ስለ ቡና ብዙ ይናገራሉ። ቡናው ከየትኛው ጫካ እንደ ተለቀመ፣ በየትኛው ገበያ እንደ ተሸጠና በየትኛው ኬላ ቀረጥ እንደ ተከፈለበት ማወቅ የሚፈልግ ሰው መልስ አያጣም። ነገር ግን ያን ሁሉ ቡና ከጫካ ወደ ገበያ ያደረሰው እግር የማን እንደ ነበረ፣ ያም እግር ሲጐዳ ምን ይደረግ እንደ ነበረ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህንን ጥያቄ አንሥቶ በተቻለ መጠን መመርመር ነው።

ወደዚህ ጥናት የመራኝ በቤታችን የደረሰ ነገር መሆኑን ሳልደብቅ ልናገር። አባቴ ከሚዛን ተፈሪ በላይ ባለው ደጋ ቡናና እንሰት የሚያለማ ገበሬ ነው። የመኪናው መንገድ ከቤታችን የሁለት ሰዓት ያህል የእግር ጉዞ ስለሚርቅ፣ ጀንፈሉን ወደ ገበያ የምናወርደው በአንድ ዳማ ፈረስ ነበር። በአንድ የኅዳር ወር ዝናቡ ገና አላባራ ብሎ ሳለ፣ ዳማው ሁለት ከረጢት ጀንፈል ተጭኖ ቁልቁለቱን ሲወርድ ከወንዝ ዳር ባለው ጭቃ ላይ ተንሸራተተ። አልወደቀም፤ እኛም ደኅና ነው ብለን ጭነቱን ሳናወርድ እስከ ገበያ ነዳነው። በማግሥቱ ግን የግራ የፊት እግሩ ከጉልበቱ በታች አብጦ፣ በስተኋላ ያለው ጅማት እንደ ቀስት ጐብጦ አገኘነው።

በዚያ ዓመት የቀረው ቡናችን በሰው ጀርባ ወረደ። እናቴ፣ ታላቅ እኅቴና እኔ እየተፈራረቅን ተሸከምን። ያን ጊዜ አንድ ነገር አስተዋልሁ፤ ይኸውም የከብቱ እግር ሲጐዳ ጭነቱ ጠፍቶ እንደማይቀር፣ ወደ ሌላ ጀርባ እንደሚዛወር ነው። ኋላ በኮሌጅ የአካባቢያችንን ታሪክ ስማር ይኸው ነገር በአንድ ቤት ብቻ ሳይሆን በአንድ አገር ላይ የደረሰ መሆኑን ተረዳሁ።

በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

፪. አገሩና መንገዱ

የፈረስን እግር ለመረዳት አስቀድሞ የሚረግጠውን መሬት መረዳት ይገባል። ሚዛን ተፈሪ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች፤ ዛሬ ከጐረቤቷ ከአማን ጋር ተባብራ ሚዛን አማን ትባላለች። ከእርሷ 50 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ቴፒ ወደ 1,200 ሜትር ዝቅ ትላለች። በሰሜን ያሉት የማሻና የጎሬ ደጋዎች 2,000 ሜትር ይደርሳሉ፤ በምዕራብ ያለው ጋምቤላ ግን 500 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ከጎሬ ወደ ጋምቤላ የሚወርድ ከብት በጥቂት ቀን ውስጥ 1,500 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል ማለት ነው።

በዚህ ላይ ዝናቡ ይጨመርበታል። በሚዛን ተፈሪና በጎሬ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። መሬቱ ቀይ ሸክላ ነው፤ በርጥበት ጊዜ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጣጠቃል። በጫካው መንገድ ላይ የዛፍ ሥሮች ከመሬት በላይ ተዘርግተው ሰኮና ይይዛሉ። ወንዞቹ ብዙዎች ናቸው፤ ድልድዩም ብዙ ጊዜ አንድ ሁለት ግንድ ነው።

ሌላም መሰናክል አለ። በኦሞና በባሮ ተፋሰስ ባለው ቆላ የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው የገንዲ በሽታ ፈረስንም በቅሎንም ይገድላል። ይህ በሽታ የሚመጣው በዝንብ ንክሻ በሚገባ ረቂቅ ተውሳክ መሆኑን ዴቪድ ብሩስ የተባለው ሐኪም በደቡብ አፍሪቃ በ1895 ገልጧል። የአገሩ ሰው ግን ተውሳኩን ባያየውም ስፍራውን ያውቅ ነበር፤ ስለዚህ ፈረስ በብዛት የሚረባው በማሻ፣ በጌሻና በመሳሰሉት ደጋዎች እንጂ በቆላ አይደለም። ከዚህ የተነሣ ፈረሱ ከሚኖርበት ደጋ፣ ቡናው ወደሚበቅልበት ወይና ደጋ፣ አልፎም ቡናው ወደሚሸጥበት ቆላ መውረድ ግድ ይሆንበታል። በየደረጃው የሚወርደው ቁልቁለት ለእግሩ አዲስ ፈተና ነው።

፫. የፈረስ እግር እንዴት እንደሚሠራ

ፈረስ የሚቆመው በእያንዳንዱ እግሩ በአንድ ጣት ላይ ብቻ ነው፤ ሰኮናው የዚያ ጣት ጥፍር ነው። ከጉልበቱ በታች ሥጋ የለም፤ ያለው አጥንት፣ ጅማትና ቆዳ ነው። የከብቱ ክብደት ከመቶ 60 ያህሉ በፊት እግሮቹ ላይ ያርፋል፤ ቁልቁለት ሲወርድ ደግሞ ይህ ይጨምራል። ስለዚህ በቁልቁለት አገር በጭነት የሚጐዳው ብዙ ጊዜ የፊት እግር ነው።

ጅማት ብዙ ደም የማይደርስበት ክፍል ስለሆነ ቶሎ አይድንም። በቆዳ ላይ የደረሰ ቁስል በሳምንታት ሲጠግግ፣ የተበጠሰ የጅማት ክር በወራት ይጠገናል፤ የተጠገነውም እንደ ቀድሞው የሚለጠጥ አይሆንም። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እብጠቱ ይጐድላል፣ ማንከሱ ይቀራል፣ ከብቱም ዳነ ይባላል፤ ነገር ግን ውስጡ ገና አልጸናም። በዚህ ጊዜ የተጫነ ፈረስ ሁለተኛ ሲጐዳ ከመጀመሪያው ይብስበታል።

ከዚህም ሌላ አንድ እግር ሲጐዳ ደኅናው እግር የሁለቱን ሸክም ይሸከማል። ይህ ሲረዝም በደኅናው እግር ሰኮና ውስጥ ጥፍሩንና አጥንቱን የሚያያይዘው ክፍል ይላላል፤ ከብቱም በተጐዳው እግር ሳይሆን ደኅና በነበረው ይወድቃል። አጥንቱ የተሰበረ ፈረስ ለማዳን አስቸጋሪ የሚሆነው አንደኛው ምክንያት ይህ ነው።

፬. የከፋ መንግሥትና የ1897 ዘመቻ

ፈረስ በዚህ አገር ታሪክ ውስጥ አስቀድሞ የሚታየው በጦርነት ነው። የከፋ መንግሥት ድንበሩን በጥልቅ ቦይና በበር ያስጠብቅ ነበር። የዚህ ዓይነቱ ቦይ ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ በፈረስ የሚመጣ ጠላት ፈረሱ ቦዩን ሊዘልል ቢሞክር እግሩ ይሰበራል፤ በበሩ ልግባ ቢል ደግሞ በጠባብ ስፍራ ይያዛል። እንግዲህ አንድ መንግሥት መከላከያውን የሠራው የፈረስ እግር ደካማ መሆኑን በማወቅ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

በ1897 የዳግማዊ ምኒልክ ጦር በራስ ወልደ ጊዮርጊስ መሪነት ከፋን ያዘ፤ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾም በዚያው ዓመት ተማረከ። በሚከተለው ዓመት የራሱ ጦር ዛሬ ቤንች የምንለውን፣ በዚያ ዘመን ጽሑፍ ጊሚራ ይባል የነበረውን አገር አቋርጦ እስከ ሩዶልፍ ሐይቅ ድረስ ዘመተ። ከዚህ ዘመቻ ጋር አብሮ የተጓዘው አሌክሳንደር ቡላቶቪች የሩስያ ፈረሰኛ ጦር መኰንን ስለ ነበረ፣ በጉዞ መጽሐፉ ስለ መንገዱ ክብደትና ስለ ፈረስና በቅሎ ድካም ይናገራል። ፈረሰኛ ስለሆነ ሰው ከማያየው ቦታ አይቷል፤ ጦር የሚሄደው በከብቱ እግር ልክ መሆኑን ያውቃልና።

በአገራችን ልማድ ታላላቅ ሰዎች በመንገድ የሚቀመጡት በበቅሎ ነበር፤ ፈረሱ ያለ ሸክም እየተሳበ ይሄድና ለጦርነቱ ጊዜ ይጠበቃል። ይህ ልማድ ለክብር ብቻ የተደረገ የሚመስለው ሰው ይኖራል። ነገሩን ስንመረምር ግን የእግር ጥበቃ ሕግ ሆኖ እናገኘዋለን። በቅሎ ሰኮናዋ ጠንካራና ጠባብ፣ አረጋገጧም ጥንቁቅ ስለሆነ ለገደልና ለድንጋይ ትስማማለች፤ ፈረስ ግን ለጥቂት ሰዓት ኃይል የተሠራ ነው። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለው ተረት ስለ ሰው ቢነገርም፣ ያለ ፈረሱ መድረስ እንደማይቻል ደግሞ ይመሰክራል።

፭. የቡና ንግድና የጭነት ከብት

ከዘመቻው በኋላ የከብቱ ሥራ ከጦርነት ወደ ንግድ ዞረ። ለደቡብ ምዕራብ ቡና ሁለት መውጫ ነበረው። አንደኛው በጅማ አልፎ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው የምሥራቅ መንገድ ነው። በአባ ጅፋር ዳግማዊ ዘመን የጅማው የሂርማታ ገበያ የሲራራ ነጋዴዎች መገናኛ ነበረ። የባቡር ሐዲዱ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ይህ መንገድ ከባሕር ጋር ተገናኘ፤ ነገር ግን እስከ አዲስ አበባ ያለው የከብት ጉዞ ቀረ። ከሚዛን ተፈሪ እስከ ጅማ ወደ 220 ኪሎ ሜትር፣ ከጅማ እስከ አዲስ አበባ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው። የተጫነ ከብት በቀን 20 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ጉዞው 28 ቀን ተኩል ያህል ይወስዳል፤ የወንዝ ሙላት፣ የኬላና የዕረፍት ቀን ሳይቈጠር ማለት ነው።

ሁለተኛው መውጫ የጋምቤላ መንገድ ነው። በግንቦት 1902 ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ፈቀዱ፤ ጣቢያውም በ1904 በጋምቤላ ተቋቋመ። ሱዳን ነፃ እስከ ወጣችበት እስከ 1956 ድረስ የጎሬና የአካባቢው ቡና በዚህ በኩል በመርከብ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ተቃራኒ ነገር አለ። ባሮ መርከብ የሚሸከመው በክረምት ሙላት ጊዜ ብቻ ነው። ቡና ግን የሚለቀመው ከመስከረም ወዲያ ነው፤ ደርቆም ለመንገድ የሚደርሰው በበጋ ነው። ለከብት እግር የሚሻለው ጊዜ በጋ ሲሆን፣ ገበያው የሚሞቀው ግን በክረምት ነበር። ጥንቁቅ ነጋዴ ቡናውን በበጋ አውርዶ በመጋዘን ያቈየው ነበር፤ ገንዘብ የሌለው ወይም ብድር ያለበት ግን በዝናቡ መካከል ቁልቁለቱን መውረድ ግድ ይሆንበታል። እንግዲህ የእግር ጉዳት በዕድል ብቻ የሚመጣ አልነበረም፤ ከዕዳና ከወቅት ጋር የተያያዘ ነበር።

የጭነቱንም ልክ ማስላት ይቻላል። ቡና በአገራችን የሚለካው በፈረሱላ ነው፤ አንዱ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። አምስት ፈረሱላ 85 ኪሎ፣ ስድስቱ 102 ኪሎ ይሆናል። የአገራችን ፈረስ አነስተኛ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ክብደቱ ከ250 እስከ 300 ኪሎ ነው። ስለዚህ ስድስት ፈረሱላ የተጫነ ፈረስ የራሱን ክብደት ሲሦ ወይም ከዚያ በላይ ተሸክሞ ነው ያን ቁልቁለት የሚወርደው።

ከብቱ ሲያነክስ ምን ይደረግ ነበር? ሲራራው አይቆምም። ጭነቱ በሌሎቹ ከብቶች ላይ ይከፋፈላል፤ ይህም እነርሱን ደግሞ ለጉዳት ያጋልጣል። ያነከሰው ከመንገድ ዳር ባለ መንደር በርካሽ ይሸጣል ወይም ይተዋል። ከብቱ በማይበቃበት ደግሞ ሰው ይሸከማል። በዚህ አገር የገባር ሥርዓት በነበረበት ዘመን የጌታን ዕቃ መሸከም ከገባሩ ግዴታዎች አንዱ ነበር። በባርያ ንግድና እንደ ልጅ ኢያሱ የ1912 የጊሚራ ዘመቻ ባለ ነገር የተጐዳው የዚህ አገር ሕዝብ ሸክሙንም በትከሻው ተሸክሟል። ባርነት በ1942 በአዋጅ ተሻረ፤ የገባሩም ግዴታ በዚያው ዘመን በወጡ ሕጎች እየቀለለ ሄደ። የከብት እግር ጉዳይ ተራ ነገር የሚመስለው ሰው ይህንን ቢያስብ መልካም ነው። ከብት ባልተጠበቀበት አገር የመጨረሻው አጋሰስ ድኻው ሰው ነው።

ኋላም በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዲ.ሲ.3 አውሮፕላኖች በሚዛን ተፈሪና በቴፒ በሣር ሜዳ ላይ እያረፉ ሰውና ዕቃ ያመላልሱ ጀመር። የመኪናውም መንገድ ተከተለ። ነገር ግን አውሮፕላኑም መኪናውም የሚነሡት ከከተማ ነው። ከጫካው እስከ ከተማ ያለው መንገድ እንደ ቀድሞው ለፈረስ፣ ለበቅሎና ለሰው ጀርባ ቀረ። ዛሬ ሞተር ቢስክሌት ብዙውን ቦታ ቢደርስም፣ በዝናብ ጊዜ ወደ ቁልቁለቱ የማይወርድበት መንደር ብዙ ነው።

፮. የቀድሞ ሕክምና

የአገራችን ባለሙያ የከብትን እግር ማከም ያውቅ ነበር። ወጌሻ ወለምታን ያሻል፣ ውልቃትን ይመልሳል፣ ስብራትን በቀርከሃ ፍልጭና በጨርቅ ያስራል። ያበጠን እግር በቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ማቆምም የታወቀ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው የታመነው መድኃኒት ግን ብረት ነው፤ ያበጠው ጅማት በጋለ ብረት በመስመር በመስመር ይተኰሳል። ይህ የእኛ አገር ብቻ ልማድ አይደለም፤ ዐረቦችም አውሮፓውያንም ለብዙ መቶ ዓመታት ሲያደርጉት ኖረዋል።

የእኛም ዳማ ፈረስ ሲጐዳ የመጣው ሽማግሌ ወጌሻ ብረት እንዲግል አዘዘ። አባቴ እያመነታ ሳለ፣ ወጌሻው «ልጄ፣ እኔ የተኰስሁት ሁሉ ድኗል፤ አንተ ብቻ እስኪሽር ድረስ እንዳትጭነው» አለው። በዚያን ጊዜ የንግግሩን ሁለተኛ ክፍል ልብ ያለው አልነበረም።

በ1983 በእንግሊዝ አገር የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስለ ፈረስ ጅማት ጉዳት ያደረጉትን ምርመራ አሳተሙ። መተኰስ ለጅማቱ መዳን የሚሰጠው ጥቅም አለመኖሩን አመለከቱ። ታዲያ የተተኰሱት ከብቶች እንዴት ዳኑ? መልሱ በወጌሻው ቃል ውስጥ አለ። የተተኰሰ ከብት ቁስሉ እስኪሽር ድረስ ለወራት አይጫንም። ያዳነው ዕረፍቱ ነው፤ ምስጋናውን የወሰደው ግን ብረቱ ነው። እኔ ይህን የምጽፈው ወጌሾቻችንን ለመንቀፍ አይደለም። ዕረፍትን ብቻ ቢያዝዙ ባለ ከብቱ አይሰማቸውም ነበር፤ ብረቱ ግን ባለ ከብቱን ጭምር አስሮ ያሳርፈዋል። ዛሬ የምንሻው ዕረፍቱን ያለ ስቃዩ መስጠት ነው።

፯. የተጐዳ ፈረስ እንዴት ይድናል

በደብረ ዘይት የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ በ1979 ከተቋቋመ ወዲህ በአገራችን የሠለጠኑ የእንስሳት ሐኪሞች በርክተዋል። አባቴም በመጨረሻ ብረቱን ትቶ የእንስሳት ጤና ባለሙያ አስጠራ። ባለሙያው ያዘዘው ሥርዓት በሕክምናው ትምህርት ከሚሰጠው ጋር ስለሚስማማ፣ ለአንባቢ እንዲጠቅም በቅደም ተከተል አቀርበዋለሁ።

መጀመሪያ የሚያነክሰውን እግር መለየት ነው። ፈረሱ በደረቅና በደልዳላ መሬት ላይ በሶምሶማ ይነዳል። የታመመው የፊት እግር መሬት ሲነካ ራሱን ቀና ያደርጋል፤ ደኅናው ሲነካ ራሱን ዝቅ ያደርጋል። ከዚያ ሰኮናው ተነሥቶ ይጸዳል፤ ብዙ ማንከስ የሚመጣው ከጅማት ሳይሆን በሰኮና ውስጥ ከገባ ድንጋይ፣ እሾህ ወይም ከቋጠረ መግል ነውና። ሰኮናው ከሌሎቹ ይልቅ የሚሞቅ ከሆነ መግል ይጠረጠራል፤ ይህንም ባለሙያ ከፍቶ ማፍሰስ አለበት። ሰኮናው የተወጋ ፈረስ ለመንጋጋ ቆልፍ በሽታ እጅግ የተጋለጠ ስለሆነ ክትባት ያስፈልገዋል። ሁለትና ከዚያ በላይ እግሮች አብረው ካበጡ ደግሞ ነገሩ ጉዳት ላይሆን ይችላል፤ ገንዲም እግር ያሳብጣል፤ ስለዚህ ከቆላ የተመለሰ ከብት ደሙ ይመርመር።

ጉዳቱ የጅማት ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በቀን ሦስት ጊዜ ለሃያ ደቂቃ ያህል በቀዝቃዛ ወራጅ ውኃ ውስጥ ማቆም፣ በመካከሉም በጥጥና በጨርቅ ሳይጠብቅ መጠቅለል ነው። ሕመም የሚያስታግሰውን መድኃኒት የሚሰጥ ሐኪሙ ነው። ሕመሙ ሲታገሥለት ፈረሱ ይፈነጥዛልና በደረቅ ጋጣ ውስጥ መያዝ አለበት። ደኅናውም እግር ይጠቀለል፤ ሸክሙ በእርሱ ላይ ነውና። ሥራ ስለማይሠራ እህሉ ይቀነስና ሣር ይሰጠው።

ከሳምንታት በኋላ ትኵሳቱና እብጠቱ ሲጐድል በደልዳላ ስፍራ በእጅ እየተሳበ ለጥቂት ደቂቃ ይራመዳል፤ ይህም በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይጨመራል። ጨርሶ ከቆመ ጅማቱ የሚጠገነው ያለ ሥርዓት ነው፤ ቶሎ ከሮጠ ደግሞ ይበጠሳል። እግሩ እንደ ገና ከሞቀ ወይም ካበጠ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ብርቱ የጅማት ጉዳት ወደ ሙሉ ሥራ ለመመለስ ከዘጠኝ ወር እስከ አንድ ዓመት ይፈጃል።

ዳማው በሁለተኛው ወር ማንከሱን ተወ። ጐረቤቶች «ፈረሱ ደኅና ነው፤ ለምን ታስቀልበዋለህ?» ይሉ ነበር። የባሰውም ፈተና ያን ጊዜ መጣ፤ የመጨረሻው የቡና ጭነት ቀርቶ ነበር፣ ለልጆች የትምህርት ገንዘብም ያስፈልግ ነበር። አባቴ አንድ ሌሊት ሙሉ ሲያስብ አድሮ፣ ጧት የጐረቤት በቅሎ በኪራይ ወሰደ። ከቡናው ዋጋ ጥቂት የማይባለው ለኪራዩ ሄደ። ፈረሱ ግን በሚከተለው ዓመት በቡና ጊዜ፣ ጭነቱ በግማሽ ተቀንሶ፣ ወደ ሥራው ተመለሰ። እግሩ ጥቂት እንደ ወፈረ ቀርቷል፤ አላነከሰም።

፰. ሁለተኛ ጉዳት እንዳይደርስ

ከላይ ከታሪኩ የተማርነውን ወደ ሥራ ብንመልሰው የሚከተለውን እናገኛለን።

አንደኛ፣ ጭነቱ በከብቱ ልክ ይሁን። የክብደቱ ሩብ ያህል፣ ማለት ከአራት ፈረሱላ ያልበለጠ፣ ለአብዛኛው የአገራችን ፈረስ ይበቃዋል። የግራና የቀኙ ጭነት እኩል ካልሆነ አንዱ እግር ይጐዳል፤ ስለዚህ በመጫኛ ከመታሰሩ በፊት ይመዘን። ጀርባው ገጣባ የሆነ ከብትም ሕመሙን ሲሸሽ አረጋገጡን ያጣምማልና፣ የእግር ጥበቃ ከጀርባ ይጀምራል።

ሁለተኛ፣ ሰኮናው በየቀኑ ማታ ይጽዳ። በጭቃና በፍግ የሚቆም ሰኮና ይለሰልሳል፣ ይሸታል፣ ይበሰብሳል። የጋጣው ወለል ደረቅ ይሁን። በርዝመት ያደገ ሰኮና ጅማቱን ስለሚወጥር በየሁለት ወሩ ያህል ዕውቀት ባለው ሰው ይከርከም።

ሦስተኛ፣ ከብቱ ለግጦሽ ሲለቀቅ የፊት እግሮቹን በቀጭን ገመድ አቈላልፎ ማሰር ይቅር። ገመዱ ከሰኮናው በላይ ያለውን አንጓ ይልጣል፤ በተላጠውም ቆዳ ንድፍት የሚባለው በሽታ ሊገባ ይችላል። በ2006 የታተመ ጥናት በ28 የአገራችን ከተሞች ከ19,000 በላይ የጋሪ ፈረሶችን መርምሮ፣ ከመቶ 18.8ቱ በዚህ በሽታ ተይዘው አግኝቷል። ስለዚህ ትንሽ ቁስል ትንሽ ነው ተብሎ አይናቅ፤ በንጹሕ ውኃና በጨው ይታጠብ፣ ከዝንብም ይከለል።

አራተኛ፣ ቁልቁለት በዝግታ ይወረድ፣ ከወንዙ በፊትም ዕረፍት ይሁን። የደከመ ጅማት ነው የሚበጠሰው። ከብቱ ከተንሸራተተ ደግሞ ባይወድቅም ጭነቱ በዚያው ስፍራ ይውረድ፤ እኛ የሠራነው ስሕተት ይህ ነበረ።

አምስተኛ፣ መንገዱ ራሱ ይጠገን። በመንደሩ ሰዎች የአንድ ቀን ደቦ በተንሸራታቹ ስፍራ ድንጋይ ማንጠፍና ግንዱን ድልድይ ማስፋት ከአንድ ዓመት የፈረስ ሕክምና ይቀላል። በእኛ መንደር ይህ የተደረገው ሦስት ከብቶች በአንድ ስፍራ ከተጐዱ በኋላ ነው።

፱. መደምደሚያ

ከዚህ ጥናት ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛው፣ በደቡብ ምዕራብ የቡና አገር የከብት እግር ጉዳት ከዕውቀት ማነስ ብቻ የመጣ አለመሆኑ ነው። ዕውቀቱ ነበረ፤ የጐደለው ጊዜ ነው። የሲራራው ነጋዴ ለወንዙ ሙላት ይቸኩላል፣ ገበሬው ለዕዳው ይቸኩላል፣ ፈረሱ ግን በራሱ ጊዜ እንጂ በእነርሱ ጊዜ አይድንም። ሁለተኛው፣ ከብቱን የማያሳርፍ ሥርዓት መጨረሻው ሰውን መጫን መሆኑ ነው። ከገባሩ ዘመን እስከ እናቴ ጀርባ ድረስ ያየነው ይህንን ነው።

በአገራችን ዛሬም ሁለት ሚሊዮን ገደማ ፈረሶች አሉ፤ አህያና በቅሎ ሲጨመሩ ቊጥሩ እጅግ ይበዛል። ቤንች ሸኮ፣ ሸካና ከፋ ከ2021 ጀምሮ በአዲሱ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ተጠቃልለዋል፤ ስለ ቡናቸውም ብዙ ዕቅድ ይወጣል። በዚያ ዕቅድ ውስጥ ለከብቱ ሐኪምና ለእግር መንገዱ ድልድይ ስፍራ ቢሰጥ፣ ጥቅሙ ለፈረሱ ብቻ አይሆንም።

በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች ይባላል፤ በአህያነት አባቷ አፍራ መሆኑ ነው። የአገራችን የቡና ታሪክም እንደ እርሷ እንዳይሆን፣ ስለ ገበያውና ስለ ወደቡ ሲነገር፣ ጭነቱን ተሸክሞ የወረደው እግር አብሮ ይነገር እላለሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ጉድለት ያገኘ አንባቢ ቢያርመኝ፣ በየመንደሩም ያሉ ሽማግሌዎች የሚያውቁትን ሌሎች ተማሪዎች ጠይቀው ቢጽፉ ደስታዬ ነው።